ንግዱ ሲያድግ ዳታቤዙ እንዲሸከም፦ ፖስትግሬስን፣ ማይኤስኪውኤልንና ማሪያዲቢን አወዳድሮ የመምረጥ መመሪያ

«የቱ ዳታቤዝ ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። መልስ የሚገኝለት «ሥራችን ሲበዛ መጀመሪያ የሚያልቅብን ምንድን ነው? ያ በሚያልቅበት ቀንስ ማን ያስተካክለዋል?» ለሚለው ነው። ዲስክ፣ ራም፣ ኮኔክሽን (ከአፕሊኬሽኑ ወደ ዳታቤዙ የሚከፈት መስመር)፣ የመጻፍ አቅም ወይም የባለሙያ ጊዜ፣ ከእነዚህ አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል። ክፍት ምንጭ የሆኑት ሪሌሽናል ዳታቤዞች (ዳታን በረድፍና በዓምድ በሠንጠረዥ የሚይዙት) በፍጥነት ያን ያህል አይራራቁም፤ ጭነት ሲበዛባቸው የሚሰናከሉበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ማወዳደር ያለብን መሰናከያቸውን ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን ጻፉ

ስለ ምርቶቹ ከማንበባችሁ በፊት ሰባት ቁጥር ያዙ፦ በቀን የሚገቡ ረድፎች ብዛት፤ የአንድ ረድፍ አማካይ መጠን ከነኢንዴክሱ (ፍለጋን ከሚያፋጥነው ማውጫ ጋር)፤ በጣም በሚጨናነቀው ሰዓት በሴኮንድ የሚጻፈው፤ ንባቡ ከጽሕፈቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ፤ በአንድ ጊዜ የሚከፈቱ ኮኔክሽኖች፤ ሥራው ስንት ደቂቃ ቢቆም እንደሚቻል፤ የስንት ደቂቃ ዳታ ቢጠፋ እንደሚቻል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሚመልሰው የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ፕሮግራመሩ በግምት እንዲሞላቸው አትተዉት።

ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ 40 ቅርንጫፍ ያለው የጅምላ አከፋፋይ እንውሰድ። በቀን 5,000 ትዕዛዝ ቢቀበልና በአንድ ትዕዛዝ 6 ዓይነት ዕቃ ቢኖር 30,000 ረድፍ ይሆናል፤ በዓመት 11 ሚሊዮን ገደማ። አንዱ ረድፍ ከነኢንዴክሱ 250 ባይት ቢይዝ በዓመት 3 ጊጋባይት አይሞላም። ሥራው በ10 ሰዓት ውስጥ ቢሠራ በሰዓት 500 ትዕዛዝ ነው። የፋሲካ ሰሞን ይህን አምስት እጥፍ ቢያደርገው 2,500፤ ይህም በሴኮንድ አንድ ትዕዛዝ እንኳ አይደርስም። አንድ ትዕዛዝ 15 ጽሕፈት ቢያስከትል፣ ማለትም የዕቃ ዝርዝሩን፣ የመጋዘን ቅነሳውንና ክፍያውን ቢጨምር፣ በሴኮንድ ወደ 10 ጽሕፈት ነው። 8 ኮርና ጥሩ ኤስኤስዲ ባለው አንድ ሰርቨር ላይ ግን ሦስቱም ዳታቤዞች በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ትራንዛክሽኖችን (ወይ ሙሉ በሙሉ የሚፈጸሙ ወይ ሙሉ በሙሉ የሚቀሩ የሥራ ጥቅሎችን) ያስተናግዳሉ።

ይህን ሒሳብ ያልሠራ ድርጅት ነው «እያደግን ስለሆነ ዲስትሪቢዩትድ (በብዙ ማሽኖች ላይ የተበተነ) ዳታቤዝ ያስፈልገናል» ብሎ ገንዘቡን የሚያፈሰው። በዚህ መጠን ላይ ያለ ሥርዓት ከዘገየ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጎደለ ኢንዴክስ ወይም ሳይዘጋ የሚቆይ ትራንዛክሽን ነው።

ደረጃ 2፦ ዕጩዎቹን አጥብቡ

ፖስትግሬስ መነሻው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ በ1986 የተጀመረ የምርምር ሥራ ነው። ፈቃዱ በጣም ልቅ ነው፤ ባለቤት የሆነ አንድ ኩባንያም የለውም። ማይኤስኪውኤል በ1995 ስዊድን ውስጥ ተወለደ፤ ከ2010 ጀምሮ በኦራክል እጅ ነው። ነጻው እትም በጂፒኤል 2 በተባለው ክፍት ፈቃድ የሚሰጥ ሲሆን እንደ ትሬድ ፑል (ብዙ ኮኔክሽንን በጥቂት የሥራ ክሮች የሚያስተናግድ) ያሉ አንዳንድ ነገሮች ለሚከፈልበት እትም ብቻ ተለይተዋል። ማሪያዲቢ ደግሞ በ2009 ከማይኤስኪውኤል ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ትሬድ ፑሉ በነጻው እትም ውስጥ አለ። የአማርኛውን ጨምሮ ዊኪፒዲያዎቹ ከ2013 ጀምሮ የሚሠሩት በማሪያዲቢ ላይ ነው።

በአንድ ፋይል ውስጥ የሚቀመጠውን ትንሹን ዳታቤዝ ኤስኪውላይትን ቶሎ አትናቁት። በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ስለሚፈቅድ ለማዕከላዊ ሥርዓት አይሆንም። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቅርንጫፍ ካሽ ሬጂስተር ላይ ተቀምጦ መስመሩ ሲመለስ ወደ ማዕከል የሚልክ የአካባቢ ማከማቻ ለማድረግ ግን ከእሱ የሚቀልል የለም። ዋል ሞድን (ለውጡን አስቀድሞ በሎግ የሚጽፍበትን አሠራር) አብሩ፤ ፋይሉንም በኔትወርክ ፎልደር ላይ አታስቀምጡት።

ዲስትሪቢዩትድ ከሆኑት ታይዲቢና ዩጋባይትዲቢ በክፍት ፈቃድ ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው የማይኤስኪውኤልን፣ ሁለተኛው የፖስትግሬስን ቋንቋ ይናገራል። ኮክሮችዲቢ ግን በ2019 ክፍት ፈቃዱን ትቶ በ2024 ደግሞ የባሰ ጠበቅ ወዳለ የራሱ ፈቃድ ስለተዛወረ ከክፍት ምንጭ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የቆዩ ጽሑፎች አሁንም ያስገቡታልና ፈቃዱን ራሳችሁ አንብቡ።

ደረጃ 3፦ እያንዳንዱ የት እንደሚሰናከል እወቁ

ይህ ደረጃ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ ይገባዋል።

ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ይከፍታል፤ ማይኤስኪውኤልና ማሪያዲቢ ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ የሚሠራ ቀለል ያለ ክር) ብቻ ይመድባሉ። በነባሪው (ቅንብሩ ካልተነካ) ፖስትግሬስ 100፣ ማይኤስኪውኤል 151 ኮኔክሽን ይፈቅዳሉ። ቅርንጫፎች ሲበዙና እያንዳንዱ የአፕሊኬሽን ሰርቨር 20 ኮኔክሽን ይዞ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጮኸው ፖስትግሬስ ነው። ቁጥሩን ወደ 2,000 ማሳደግ መድኃኒት አይደለም፤ ራም ያልቃል፣ ሲፒዩውም በፕሮሰሶቹ መካከል ሲመላለስ ይውላል።

ሁለተኛው ልዩነት ረድፍ ሲስተካከል የሚሆነው ነገር ነው። ፖስትግሬስ አሮጌውን ረድፍ አይደመስሰውም፤ አዲስ ቅጂ ይጽፍና አሮጌውን ሙት አድርጎ ይተወዋል። ሙታኑን የሚያጸዳው አውቶቫኪዩም የተባለው አሠራር ነው። በነባሪው ከሠንጠረዡ 20 በመቶ ያህሉ ሙት እስኪሆን አይነሳም፤ 100 ሚሊዮን ረድፍ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ይህ 20 ሚሊዮን ሙት ረድፍ መጠበቅ ማለት ነው። ለትልልቅ ሠንጠረዦች ይህን መጠን በየሠንጠረዡ ወደ 0.01 ወይም 0.02 (1 ወይም 2 በመቶ) አውርዱት። ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት የሆነ አንድ የሪፖርት ትራንዛክሽን ካለ ግን አውቶቫኪዩም ቢነሳም ምንም አያጸዳም፤ ያ ትራንዛክሽን ሊያያቸው ይችላል ተብለው ሙታኑ ይቆያሉ። ምልክቱ የረድፍ ቁጥር ሳይጨምር የሠንጠረዡ መጠን ማበጡ ነው።

ከዚህ የከፋው የትራንዛክሽን ቁጥር ማለቅ ነው። ለሚጽፍ ትራንዛክሽን ሁሉ የሚሰጠው ቁጥር 32 ቢት ስለሆነ ወደ 2 ቢሊዮን ገደማ ላይ ይዞራል። ጽዳቱ ወደ ኋላ ከቀረ ፖስትግሬስ ዳታውን ለመጠበቅ ሲል አዲስ ጽሕፈት መቀበል ያቆማል። ኖሽን የተባለው ኩባንያ በ2021 ፖስትግሬሱን በ32 ማሽኖች ላይ ወደ 480 ሎጂካል ሻርዶች (የዳታ ክፍልፋዮች) ለመከፋፈል ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ቫኪዩሙ በተደጋጋሚ መቆሙና ይኸው ሥጋት ነበር። የእያንዳንዱን ዳታቤዝ የትራንዛክሽን ዕድሜ በየቀኑ የሚለካ ማስጠንቀቂያ ካሁኑ አስቀምጡ፤ 500 ሚሊዮን ሲደርስ ይጩህ።

ረድፍ በተስተካከለ ቁጥር በሠንጠረዡ ላይ ያሉ ኢንዴክሶች ሁሉ አዲስ መጠቆሚያ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ኡበር በ2016 ከፖስትግሬስ ወደ ማይኤስኪውኤል የዞረበትን ምክንያት ሲያስረዳ ትልቁን ቦታ የሰጠው ለዚህ ነበር። ችግሩ ሁልጊዜ አይከሰትም። የተለወጠው ዓምድ ኢንዴክስ ከሌለውና በገጹ (ረድፎቹ በሚቀመጡበት የፋይል ክፍል) ላይ ባዶ ቦታ ካለ ፖስትግሬስ ኢንዴክሶቹን ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ የመጋዘን ቀሪን በያዘው ዓምድ ላይ ኢንዴክስ አትሥሩ፤ የዚያን ሠንጠረዥ ፊልፋክተርም (ገጹ ሲጻፍ የሚሞላበትን መቶኛ) ወደ 80 አውርዱት። ይህች ትንሽ ማስተካከያ ብዙ ጊዜ አዲስ ሰርቨር ከመግዛት ትሻላለች።

ማይኤስኪውኤል በኢኖዲቢ ሞተሩ ረድፎቹን በፕራይመሪ ኪ (በረድፉ ዋና መለያ ቁልፍ) ቅደም ተከተል ይደረድራል። በቁልፉ የሚደረግ ፍለጋ በጣም ፈጣን ነው። በሌላ በኩል ቁልፉ ዘፈቀደ የሆነ ዩዩአይዲ (የማይደገም ረጅም መለያ) ከሆነ አዲስ ረድፍ በየቦታው እየተሰነቀረ ገጾቹን ይከፍላቸዋል፤ ሌሎቹ ኢንዴክሶችም የፕራይመሪ ኪውን ቅጂ ስለሚይዙ ሁሉም ይወፍራሉ። ቢግኢንት ቁጥር ወይም በጊዜ የሚደረደረውን ዩዩአይዲ 7 ተጠቀሙ። ተራ ኢንት በ2,147,483,647 ላይ እንደሚቆም አትርሱ፤ ይህ በሦስቱም ላይ ይሠራል።

ሁለት ነገር ደግሞ ከማይኤስኪውኤል ጋር ስትሠሩ ይከተላችኋል። ነባሪው የአይሶሌሽን ደረጃ (ትራንዛክሽኖች አንዱ ከሌላው የሚለዩበት መጠን) ሪፒተብል ሪድ ስለሆነ በረድፎች መካከል ያለውን ክፍተት ጭምር ይቆልፋል፤ ፖስትግሬስ ላይ ያላያችሁት ዴድሎክ (ትራንዛክሽኖች እርስ በርስ ተጠባብቀው መቆለፍ) እዚህ ሊመጣ ይችላል፣ አፕሊኬሽኑም ትራንዛክሽኑን እንደገና መሞከር መቻል አለበት። ሁለተኛው፣ የሠንጠረዥ አወቃቀር ለውጥ በትራንዛክሽን ውስጥ አይጠቀለልም። አምስት ለውጥ ያለው ማይግሬሽን ሦስተኛው ላይ ቢወድቅ ሁለቱ ተፈጽመው ይቀራሉ። ፖስትግሬስ አብዛኛውን እንዲህ ያለ ለውጥ እንዳልነበረ አድርጎ ይመልሰዋል፤ በየሳምንቱ አዲስ እትም ለሚያወጣ ቡድን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ማሪያዲቢን ብዙዎች የሚመርጡት ለጋሌራ ክላስተር ሲሉ ነው። ሦስት ኖድ (የክላስተሩ ማሽን) ተክላችሁ በማናቸውም ላይ መጻፍ ትችላላችሁ፤ አንዱ ቢወድቅ ሥራው ይቀጥላል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጽሕፈት በሁሉም ኖዶች ላይ ስለሚተገበር ኖድ መጨመር የመጻፍ አቅምን አይጨምርም፤ ክላስተሩ የሚሄደው በቀርፋፋው ኖድ ፍጥነት ነው። ሁለት ኖዶች አንዱን ረድፍ በአንድ ጊዜ ከነኩ አንዱ በኮሚት (ትራንዛክሽኑ በሚጸድቅበት) ሰዓት ዴድሎክ ተብሎ ይመለሳል። ጋሌራን ሥራው እንዳይቆም ምረጡት፣ ለፍጥነት ብላችሁ አትምረጡት። ሁሉም ሠንጠረዥ ፕራይመሪ ኪ ይኑረው፤ በሁለት ኖድ ብቻም አትትከሉት፤ በመካከላቸው ያለው መስመር ሲቋረጥ ሁለቱም ሥራ ያቆማሉ።

ማሪያዲቢና ማይኤስኪውኤል ዛሬ የሚተካኩ አይደሉም። የጂቲአይዲ (ሰርቨሮች እያንዳንዱን ትራንዛክሽን የሚለዩበት መለያ) አሠራራቸው ይለያያል፤ ጄሰን የሚባለው የዳታ ዓይነትም በማሪያዲቢ ውስጥ የረጅም ጽሑፍ ሌላ ስም ብቻ ነው። «በኋላ እንቀይረዋለን» ብላችሁ አትጀምሩ።

ደረጃ 4፦ የአማርኛ ጽሑፋችሁን ፈትኑ

የውጭ ማወዳደሪያዎች ይህን አይነግሯችሁም። ማይኤስኪውኤል እስከ 5.7 ድረስ ነባሪው የፊደል ስብስብ ላቲን 1 ነበር፤ አማርኛ ሲገባበት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል፣ የተቀመጠውም አይመለስም። ከ8.0 ጀምሮ ነባሪው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 (እስከ አራት ባይት የሚይዘው ስብስብ) ነው። የተለመደው የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ በአሮጌው ባለሦስት ባይት ስብስብ ላይም ይሠራል፤ ኢሞጂና በ2021 ወደ ዩኒኮድ የተጨመሩት የጉራግኛ ተጨማሪ ፊደላት ግን አራት ባይት ስለሆኑ ይወድቃሉ። ስለዚህ ለሠንጠረዡም ለኮኔክሽኑም ባለአራቱን ምረጡ።

የኢኖዲቢ የጽሑፍ ፍለጋ ኢንዴክስ በነባሪው ከሦስት ፊደል በታች የሆነ ቃል አይመዘግብም። «ቡና»፣ «ጤፍ»፣ «ሻይ»፣ «ጨው» ሁሉም ሁለት ፊደል ናቸው፤ ደንበኛው ይፈልጋል፣ ውጤቱ ባዶ ይሆናል። ዝቅተኛውን የቃል ርዝመት ወደ 1 አውርዱ፣ ሰርቨሩን እንደገና አስነሱ፣ ኢንዴክሱንም እንደ አዲስ ሥሩ። ፖስትግሬስ በበኩሉ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አብሮት አይመጣም፤ «ሲምፕል» የተባለውን ውቅር ወይም የትራይግራም (ቃልን በሦስት ሦስት ፊደል ከፍሎ የሚፈልግ) ኤክስቴንሽኑን ትጠቀማላችሁ። ዳታቤዙ በሲ ሎካል (በጣም መሠረታዊ በሆነው የቋንቋ ቅንብር) ከተፈጠረ ግን ትራይግራሙ የግዕዝ ፊደልን እንደ ፊደል አይቆጥረውም፤ ሲፈጠር የዩቲኤፍ8 ሎካል ይሰጠው።

«ፀሐይ»ን አንዱ «ጸሀይ» ብሎ እንደሚጽፈው ደግሞ የትኛውም ዳታቤዝ አያውቅም። ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነርባታቸው የሚመልስ ተጨማሪ ዓምድ አዘጋጁና ኢንዴክሱን በእሱ ላይ ሥሩ፤ ደንበኛው የጻፈውንም ከመፈለጋችሁ በፊት በዚያው መንገድ አሳልፉት። ዋናው ዓምድ እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ የሰው ስም አይስተካከልም።

ደረጃ 5፦ በራሳችሁ ዳታ ለኩ

ፖስትግሬስ ፒጂቤንች የሚባል መለኪያ አለው፤ ሲስቤንች ደግሞ ለሁሉም ይሆናል። በፒጂቤንች ስኬል 1 ማለት 100,000 ረድፍ፣ ወደ 15 ሜጋባይት ነው። ራማችሁ 16 ጊጋባይት ከሆነ ስኬል 3,000 ውሰዱ፤ ወደ 45 ጊጋባይት ይሆናል። ዳታው በሙሉ ራም ውስጥ ከገባ የለካችሁት ዲስካችሁን አይደለም።

መለኪያውን የሚልከው ማሽን ከዳታቤዙ ማሽን የተለየ ይሁን። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ጣሉ፤ ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት አስኪዱት። የፖስትግሬስ ቼክፖይንት (ለውጦችን ከራም ወደ ዲስክ የማውረድ ሥራ) በነባሪው በየ5 ደቂቃው ስለሆነ የሦስት ደቂቃ ሙከራ ዋናውን መንገጫገጭ ሳያይ ያልቃል፤ የቫኪዩም ጫናም የሚታየው ዘግይቶ ነው። አማካዩን ትታችሁ 95ኛውንና 99ኛውን ፐርሰንታይል (95 እና 99 በመቶው ጥያቄ የሚያልቅበትን ጊዜ) መዝግቡ፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ተሰልፎ የሚጠብቀው ደንበኛ የሚያውቀው እሱን ነው።

ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚያዛባው የዳታ ጥበቃ ቅንብር መለያየቱ ነው። በሁለቱም ወገን ሙሉ ጥበቃ ይብራ፦ በፖስትግሬስ ኤፍሲንክ (የተጻፈው ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠው) እና ሲንክሮነስ ኮሚት፣ በማይኤስኪውኤል ደግሞ የሎግ ፍላሹም የባይናሪ ሎግ ሲንኩም 1። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ይህ ቅንጦት አይደለም። የማይኤስኪውኤሉ የሎግ ፍላሽ 2 ሲሆን መብራት ቢጠፋ የአንድ ሴኮንድ ያህል ትራንዛክሽን ሊሄድ ይችላል። የፖስትግሬሱ ኤፍሲንክ ከጠፋ ግን ዳታቤዙ ራሱ ሊበላሽ ስለሚችል እውነተኛው ሥራ በሚካሄድበት ሰርቨር ላይ ፈጽሞ አታጥፉት። ኤስኤስዲ ስትገዙ መብራት ሲሄድ የያዘውን ጽፎ የሚጨርስበት ካፓሲተር ያለውን፣ ለሰርቨር የተሠራውን ጠይቁ። ዩፒኤስ ብቻውን አያስተማምንም።

ደረጃ 6፦ አንዱን ማሽን አሟጡ

በፖስትግሬስ ሼርድ በፈርስ (ዳታ የሚያዝበት ራም) በነባሪው 128 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ከራሙ ሩብ ያህል ስጡት። ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ራንደም ፔጅ ኮስትን ከ4 ወደ 1.1 አውርዱ፤ አለበለዚያ ፕላነሩ (የፍለጋውን መንገድ የሚመርጠው ክፍል) ኢንዴክስ እያለ ሙሉ ሠንጠረዥ ሊያነብ ይችላል። ዎርክ ሜምን ስታሳድጉ ተጠንቀቁ፤ የሚመደበው ለእያንዳንዱ የመደርደር ሥራ ነው። 200 ኮኔክሽን እያንዳንዱ ሁለት መደርደር በ64 ሜጋባይት ቢሠራ 25 ጊጋባይት ያልፋል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሊነክስም ፕሮሰሱን ይገድለዋል። በማይኤስኪውኤልና በማሪያዲቢ ማሽኑ ለዳታቤዝ ብቻ ከሆነ የኢኖዲቢ በፈር ፑልን ከራሙ 70 በመቶ አድርጉ። በማይኤስኪውኤል 8.0.30 እና ከዚያ በኋላ የሪዱ ሎግ (ከብልሽት ማገገሚያ መዝገብ) አቅም ነባሪው 100 ሜጋባይት ነው፤ ብዙ ለሚጽፍ ሥርዓት ወደ 4 ጊጋባይት ከፍ አድርጉት።

ከዚያ ዘገምተኛ ኩዌሪዎችን (ለዳታቤዙ የሚላኩ ጥያቄዎችን) ፈልጋችሁ ያዙ። በፖስትግሬስ የኩዌሪዎችን ጊዜ የሚመዘግበውን ፒጂ ስታት ስቴትመንትስን አብርታችሁ በጠቅላላ ጊዜ ደርድሩ። በማይኤስኪውኤል የስሎው ሎጉ ነባሪ ገደብ 10 ሴኮንድ ስለሆነ ምንም አይዝም፤ ወደ 0.5 አውርዱት። ፖስትግሬስ በፎሪን ኪ (ወደ ሌላ ሠንጠረዥ በሚጠቁም) ዓምድ ላይ በራሱ ኢንዴክስ አይሠራም፤ ማይኤስኪውኤል ይሠራል። ከማይኤስኪውኤል የመጡ ሰዎች ፖስትግሬስ «ያለ ምክንያት ዘገየብን» ከሚሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሪፖርቱ በቅርንጫፍና በቀን ከሆነ ኢንዴክሱ ቅርንጫፍን ቀድሞ ቀንን ያስከትል። ገጽ ለመቁጠር ኦፍሴትን ተዉት፤ 100,000 ረድፍ ለመዝለል 100,000 ረድፍ ያነባል። የመጨረሻውን መለያ ቁጥር ይዛችሁ «ከዚህ በታች ያሉትን 50» ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ቴሌብርም ሆነ ወደ ባንክ የሚሄደውን የክፍያ ጥሪ ከትራንዛክሽን ውጭ አውጡት። መልሱ 20 ሴኮንድ ቢዘገይ የዘይቱ ቀሪ ረድፍ 20 ሴኮንድ ተቆልፎ 40 ቅርንጫፍ ይሰለፍበታል። ይህን ሰልፍ ሪፕሊካም (የዳታቤዙ ቅጂ ያለበት ማሽን) ሻርዲንግም (ዳታን በብዙ ማሽኖች መከፋፈል) አይበትነውም። ትዕዛዙን «በመጠባበቅ ላይ» ብላችሁ ኮሚት አድርጉ፣ ክፍያውን ጥሩ፣ ውጤቱን በሌላ ትራንዛክሽን መዝግቡ።

የኮኔክሽን ችግር ለመጣበት ፖስትግሬስ ኮኔክሽን የሚያጋራውን ፒጂባውንሰርን ፊቱ አቁሙ። በትራንዛክሽን ሞድ 1,000 ደንበኛ በ20 እውነተኛ ኮኔክሽን ይስተናገዳል፤ ለ8 ኮር ማሽን 20 ጥሩ መነሻ ነው። በዚህ ሞድ የሴሽን ቅንብሮችና ሊስን (ማሳወቂያ የማዳመጫ ትዕዛዝ) አይሠሩም። ፕሪፔርድ ስቴትመንት (አስቀድሞ የተዘጋጀ ኩዌሪ) የሚደገፈው ከፒጂባውንሰር 1.21 ጀምሮ ነው፤ የቆየ እትም ላይ እንግዳ ስሕተት ካያችሁ መጀመሪያ ይህን መርምሩ።

ደረጃ 7፦ የንባብ ሪፕሊካ

ንባቡ ከጽሕፈቱ አሥር እጥፍ ሲሆንና ዋናው ማሽን ሲጨናነቅ ሪፖርቶችን ወደ ሪፕሊካ አዙሩ። ሪፕሊካ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሻጩ ትዕዛዝ መዝግቦ ወዲያው ዝርዝሩን ሲከፍት ላያገኘው ይችላል፣ ሁለተኛ ይመዘግበዋል። ተጠቃሚው ከጻፈ በኋላ ለጥቂት ሴኮንዶች ንባቡ ከዋናው ይሁን።

በፖስትግሬስ ሪፕሊካ ላይ ረጅም ሪፖርት ከዋናው ከሚመጣው ጽዳት ጋር ሲጋጭ በነባሪው ከ30 ሴኮንድ በኋላ ይሰረዛል። ለሪፖርት ብቻ በተለየ ሪፕሊካ ላይ ይህን ጊዜ አራዝሙት። የሪፕሊኬሽን ስሎት (ሪፕሊካው ያልወሰደውን ሎግ የሚያቆይ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሪፕሊካው ሲሞት ዋናው ማሽን ሎጉን ያለ ገደብ እያከማቸ ዲስኩን ሞልቶ ራሱ ይቆማል። ከፖስትግሬስ 13 ጀምሮ ስሎቱ የሚይዘውን መጠን መገደብ ይቻላል፤ የዲስኩን አንድ አምስተኛ ያህል ስጡት።

ሪፕሊካ ባክአፕ አይደለም፤ በስሕተት የተሰረዘ ሠንጠረዥ እዚያም ወዲያው ይሰረዛል። ለፖስትግሬስ ፒጂባክረስት፣ ለማይኤስኪውኤል ኤክስትራባክአፕ፣ ለማሪያዲቢ ማሪያባክአፕ ተጠቀሙ። ኤክስትራባክአፕ ለአዳዲስ የማሪያዲቢ እትሞች አይሆንም። በየወሩ በሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ክፈቱት፣ የፈጀውንም ሰዓት ጻፉ፤ በደረጃ 1 ባለቤቱ ከሰጠው ደቂቃ ከበለጠ መፍትሔ ያስፈልገዋል።

ደረጃ 8፦ መከፋፈልና መበተን

አንድ ሠንጠረዥ 100 ጊጋባይት ሲጠጋ ወይም አሮጌ ዳታ በየጊዜው የሚወገድ ከሆነ በወር ፓርቲሽን (የሠንጠረዥ ክፍልፋይ) አድርጉት። 50 ሚሊዮን ረድፍ መሰረዝ ሰዓታት ሲፈጅ አንድ ፓርቲሽን መጣል ሴኮንድ አይሞላም። በፖስትግሬስም በማይኤስኪውኤልም የመከፋፈያው ዓምድ በፕራይመሪ ኪ ውስጥ መግባት አለበት፤ በማይኤስኪውኤል ፓርቲሽን የተደረገ ሠንጠረዥ ፎሪን ኪ ሊኖረው አይችልም። ፖስትግሬስ እዚህ ላይ ይመቻል።

ሻርዲንግ የሚመጣው ትልቁ የምትገዙት ማሽን ጽሕፈቱን መሸከም ሲያቅተው ብቻ ነው። ለማይኤስኪውኤል ቪቴስ አለ፤ ዩቲዩብ ውስጥ የተወለደና የተፈተነ ነው። ለፖስትግሬስ ሲተስ አለ። ሁለቱም የሚቆሙት በመከፋፈያ ቁልፉ ላይ ነው፦ አብዛኛው ኩዌሪ አንድ ሻርድ ብቻ እንዲነካ አድርጉ። ለብዙ ድርጅቶች የሚያገለግል ሶፍትዌር ከሆነ የድርጅቱ መለያ ጥሩ ቁልፍ ነው፤ ቀን ግን መጥፎ ነው፣ የዛሬው ጽሕፈት ሁሉ አንድ ማሽን ላይ ይከመራል።

ታይዲቢና ዩጋባይትዲቢ መበተኑን ራሳቸው ይሠራሉ፤ ዋጋውም አለው። እያንዳንዱ ዳታ በሦስት ቅጂ ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ጽሕፈት የብዙኃኑን ስምምነት በኔትወርክ ይጠብቃል። በአንድ ማሽን ላይ 1 ሚሊሰከንድ የፈጀ ጽሕፈት እዚህ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለእውነተኛ ሥራ የሚሆን የታይዲቢ አተካከል ለማከማቻው ብቻ ሦስት ማሽን፣ ለአስተባባሪው ሦስት፣ ለኤስኪውኤል ንብርብሩ ሁለት ይፈልጋል። ያን ሁሉ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ከሌለ አንድ ትልቅ ፖስትግሬስ ከሁለት ሪፕሊካ ጋር ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ወስኑና ተዛወሩ

ከባዶ የሚጀምር ድርጅት፣ በተለይ ሒሳብና ውስብስብ ሪፖርት ያለበት፣ ፖስትግሬስን ይውሰድ። በማይኤስኪውኤል ላይ ደህና እየሠራ ያለና ቡድኑም የሚያውቀው ከሆነ እዚያው ይቆይ፤ የ8.0 ድጋፍ ማብቂያ ሚያዝያ 2026 ስለሆነ ወደ 8.4 ይሻገር። አነስተኛ ሥርዓት ሆኖ መቆምን ፈጽሞ የማይችል፣ ሦስት ማሽን ያለው፣ ጽሕፈቱም መጠነኛ የሆነ ደግሞ ጋሌራ ይስማማዋል።

ከማይኤስኪውኤል ወደ ፖስትግሬስ መዛወር ግድ ከሆነ ፒጂሎደር የተባለው የማዛወሪያ መሣሪያ አብዛኛውን ይሸከምላችኋል። ሦስት ነገር ግን ራሳችሁ አረጋግጡ። ሁሉም ዜሮ የሆኑ ቀኖችን ፖስትግሬስ አይቀበልም፤ ባዶ (ነል) አድርጋችሁ አስገቧቸው። ማይኤስኪውኤል በነባሪው ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል ሳይለይ ያወዳድራል፣ ፖስትግሬስ ይለያል፤ በኢሜይል የሚገባ ተጠቃሚ «የለህም» ይባላል። ከቅጂው በኋላ ደግሞ የመለያ ቁጥር ቆጣሪዎቹ ከከፍተኛው ቁጥር በላይ መነሳታቸውን በየሠንጠረዡ አረጋግጡ፤ ከረሳችሁት የመጀመሪያው አዲስ ትዕዛዝ በቁልፍ ድግግሞሽ ይመለሳል።

የመዛወሪያውን ሌሊት ከበዓልና ከወር መጨረሻ አርቁ። ከዚያ በፊት ሙሉውን ሁለት ጊዜ ተለማመዱ፣ የፈጀውንም ጊዜ ያዙ። በዕለቱ አሮጌውን ለንባብ ብቻ አድርጉ፣ ቅዱ፣ የእያንዳንዱን ሠንጠረዥ የረድፍ ብዛትና የገንዘብ ዓምዶችን ድምር በሁለቱም ወገን አወዳድሩ። ድምሩ በሳንቲም እንኳ ከተለያየ ወደ አሮጌው ተመለሱና ምክንያቱን ፈልጉ። ከተስማማ አፕሊኬሽኑን አዙሩ፤ አሮጌውን ማሽን ግን አንድ ሙሉ የወር መዝጊያ ሒሳብ እስኪያልፍ ድረስ ለንባብ ብቻ ሆኖ አቆዩት።